ለደረሱ ልጆች ሎኬሽን ሼሪንግ፦ የአንድ አባት አስተያየት

ሴቷ አስራ ሰባት ወንዱ አስራ ዘጠኝ ሆነዋል፣ ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ አይደለም። ለትንንሾቹ ፋሚሊ ሊንክ የሚባል የጎግል አፕ አለ፣ የስክሪን ሰአት ይገድባል፣ አፕ ሊያወርዱ ሲሉ ያስፈቅዳል ምናምን። የደረሰ ልጅ ስልክ ላይ ግን እሱን ልጫን ብትሉ የምትጭኑት ጸብ ነው። እኔ የማወራው ስለ ሎኬሽን ሼሪንግ ነው፣ ማለትም የት እንዳላችሁ በስልክ ካርታ ላይ ለሌላ ሰው ማሳየት፣ የጎግል ማፕንም የዋትሳፕንም ሞክረናል።

የጎግል ማፑ በ2017 እ.ኤ.አ. ነው የመጣው። ልጁ ራሱ ከስልኩ ይከፍትላችኋል፣ ወይ ለተወሰነ ሰአት ወይ ራሱ እስኪያጠፋው ድረስ፣ ከዛ ፎቶው በክብ ሆኖ ካርታው ላይ ቁጭ ይላል። እኔ ግን ከካርታው በላይ የወደድኩት ምኑን መሰላችሁ፣ ፎቶውን ስትነኩት የስልኩ ባትሪ ስንት እንደቀረው ያሳያል! ድሮ ስልኳ ዝግ ነው ካለኝ ያላሰብኩት ክፉ ነገር አልነበረም፣ አሁን ቅድም 4% ላይ እንደነበረች ስላየሁ በቃ ባትሪ ጨርሳ ነው ብዬ እተኛለሁ። እሺ ጋደም እላለሁ፣ የምትተኛው እናቷ ናት።

ካርታው ላይ የምታዩዋትን ነጥብ ግን ዝም ብላችሁ አትመኑ። ጂፒኤስ ማለት ከ20,000 ኪሎሜትር በላይ ርቀው ካሉ ሳተላይቶች የሚመጣ ደካማ ሲግናል ነው፣ ስልኩ ቢያንስ የአራቱን ማግኘት አለበት። ሜዳ ላይ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይነግራችኋል፣ ህንጻ ውስጥ ሲገባ ግን በዋይፋይና በኔትወርክ ማማ ወደመገመት ይሄዳል፣ ያኔ ላይብረሪ ነኝ ያለችው ልጅ መንገድ ተሻግራ ማዶ ልትታይ ትችላለች። ለዚህ ብሎ ዋሸሽኝ እያሉ መደወል አያስፈልግም።

የዋትሳፑ ላይቭ ሎኬሽን ሶስት ምርጫ ነው ያለው፣ 15 ደቂቃ፣ 1 ሰአት ወይ 8 ሰአት፣ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። እኛ ቤት የሰራው ይሄኛው ነው። ወንዱን የጎግል ማፑን ሁሌ ክፍት አድርገው ስለው ምን አለኝ፣ «አባዬ ማወቅ የፈለግከው የት እንዳለሁ ነው ወይስ ምን እየሰራሁ እንደሆነ?» መልስ አጣሁለት፣ ምክንያቱም የፈለግኩት ሁለተኛውን ነበር 😅 ጢም ያበቀለ ልጅን ቀኑን ሙሉ በካርታ መከተል ለሱም ለኔም ደስ አይልም። የሚያልቅበት ሰአት ያለው ግን እንደ ቁጥጥር አይታይም፣ ሴቷ አምሽታ የምትመጣ ከሆነ እኔ ሳልጠይቅ የ8 ሰአቱን ትልክልኛለች፣ እኔም እሱ ሲያልቅ አልጨቀጭቅም። የት ደረስሽ የሚለው ስልክ ቀረ፣ አሁን ስንደዋወል ሌላ ወሬ እናወራለን፣ አንዳንዴ የምናወራው ጠፍቶንም እንስቃለን። አንድ ነገር ብቻ፣ ነጥቧ ቤት ስትደርስ ሳታንኳኳ በር አትክፈቱ፣ እኔ ከፍቼ «አባዬ ታስፈራለህ» ተብያለሁ።

የራሳችሁንም ክፈቱላቸው። ጎግል ማፕ ላይ የኔን ስከፍት የነሱ አብሮ አይከፈትም፣ ስለዚህ የኔን ሁሌ ክፍት አድርጌ ትቼዋለሁ። መጀመሪያ ማን ያየዋል ብዬ ነበር፣ አሁን ወንዱ ማታ ማታ «እስካሁን ስራ ቦታ ነህ? ግባ እንጂ» እያለ ይጽፍልኛል። ጠባቂና ተጠባቂ መቼ እንደተገለባበጥን እንጃ።

በነፃ ነው፣ ዳታ ካላችሁ በቂ ነው። እኔ አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ጂፒኤስ የሚጠቀም ነገር ሁሉ ባትሪ ስለሚበላ ነው፣ ልጆቹም ይሄን ሰበብ ካወቁት ቆይተዋል።