ብርማ ቀለም የተቀባ ላሜራ በስቴንለስ ዋጋ አትግዙ

ማርሚታ፣ ማለትም የመኪና ጭስ ማውጫ ላይ ያለውን ድምፅ ማፈኛ፣ ፍለጋ ተክለሃይማኖት ወይም ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው «ስቴንለስ ነው፣ ሁለተኛ አይመልስህም» መባሉ አይቀርም። ተራ ላሜራ ላይ ብርማ ቀለም ተረጭቶ በዚህ ስም ሲሸጥ ተጠንቀቁ። ርካሽ ማርሚታ በርካሽ ዋጋው ቢሸጥ ማንም አይከፋም፤ ክፋቱ የብራንድ ዋጋ ሲጠየቅበት ነው።

ማርሚታ የሚበላው ከውስጥ ነው። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ካዛንቺስ ቆም ነሳ እያለች የምትውል መኪና የኋላ ማርሚታዋ በደንብ ሳይግል ትጠፋለች። እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ውስጡ ይተኛል፤ አሲድ ያዘለ ስለሆነ ብረቱን ይጨርሰዋል። የውጭ ቀለም ለዚህ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ በስልክ መብራት የቱቦውን አፍ ወደ ውስጥ እዩ። ውጩ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ ጥቁር ወይም ዝገት የጀመረው ከሆነ የተቀባ ተራ ብረት ነው። አሉሚኒየም የተለበጠው ውስጡም ውጩም ፈዛዛ ግራጫ ነው።

ማግኔት ብቻውን አያስተማምንም። 304 የሚባለውን ስቴንለስ ማግኔት እምብዛም አይዘውም፤ ብዙ የፋብሪካ ማርሚታዎች የሚሠሩበት 409 ግን ስቴንለስ ሆኖም በማግኔት ይያዛል፣ ላዩም ቡናማ ይሆናል። ሻጩ «304 ነው» ካለና ማግኔቱ ጥብቅ ካለ ዋሽቷል። «409 ነው» ካለ ደግሞ ውስጡንና ብየዳውን እዩ፦ ዙሪያውን ሳይቋረጥ የተበየደ ነው ወይስ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ? አንስታችሁ ነቅንቁት፤ ገና አዲስ ሆኖ ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ክፍልፋዩ ተላቋል። ብዙ ማርሚታ ሆዱ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብባት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። «ተበስቷል» ብሎ የሚደፍናት በያጅ አለ፣ አታስነኩት።

ለኋላ ማርሚታና ለጫፍ ቱቦ ርካሹን መግዛት ያስኬዳል፣ በተለይ መኪናዋ ልትሸጥ ከሆነ። ከፊት ላለው ግን አትቆጥቡ። ፍሌክሲብሉ፣ ማለትም ከሞተሩ በኋላ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ፣ ውስጡ የብረት ሽፋን ከሌለውና ሽቦ ጥልፉ ብቻ ከሆነ፣ ሞተሩ በተነቃነቀ ቁጥር ይቀደዳል። ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከሚለካው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለ ቀዳዳ የውጭ አየር ያስገባል፤ ኮምፒዩተሩ ነዳጅ አነሰ ብሎ ይጨምራል፣ ቤንዚኑ ያልቃል። ክረምት ላይ መስኮት ተዘግቶ መንገድ ሲዘጋጋ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው ምልክቱ።

ትልቁ ገንዘብ የሚበላው የጭሱን መርዝ በሚቀንሰው ካታላይዘር ላይ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሴራሚኩ ላይ የተቀቡት ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ናቸው፤ ርካሹ ላይ በጣም ስስ ናቸው። ጥቂት ወራት ሠርቶ የሞተሩ መብራት ይበራል፣ የምርመራ ማሽኑ ፒ0420 (ካታላይዘሩ ደክሟል የሚል ኮድ) ያነባል። ያገለገለ ስትገዙ በሁለቱም አፍ ብርሃን አሳልፉ፤ የማር እንጀራ የመሰለው ቀፎ ከሌለ ማዕድኑ ወጥቶ ተሸጧል፣ የሚሸጥላችሁ ባዶ ቆርቆሮ ነው። የኋላው ሴንሰር ሥር ማራራቂያ ብሎን አስገብቶ መብራቱን የሚያጠፋም አለ፤ መብራቱ ይጥፋ እንጂ ጭሱ ያው ነው። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላና ኮይል አስፈትሹ። ሞተሩ አንዱን ሲሊንደር እየዘለለ ከሆነ ያልተቃጠለው ቤንዚን አዲሱንም ካታላይዘር ያቀልጠዋል፣ የቱንም ብራንድ ብትገዙ።

ብራንድ ስንል ካርቶኑን አይደለም። ዎከር፣ ቦሳል፣ ለሴንሰር ዴንሶና ኤንቲኬ የታወቁ ናቸው፤ ካርቶናቸውን አስመስሎ ማተም ግን ከባድ አይደለም። ዕቃው ላይ በብረቱ የተመታውን ቁጥር ከካርቶኑ ቁጥርና ከመኪናችሁ ሻንሲ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ደረሰኝ ላይም «ማርሚታ» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ፤ ብራንዱና ቁጥሩ ይስፈር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ ያለችው መኪና ገና ብዙ ትሄዳለች፣ ገበያውም ይህን ያውቃል።

ገጠማው ላይ የሚበላሸውም ቀላል አይደለም። የውሃ ቧንቧ ቆርጦ የሚበይድ ካገኛችሁ እምቢ በሉ፤ ልባጩ ዚንክ ነው፣ ሲበየድ ጭሱ በያጁን ያሳምመዋል፣ ውስጡም ከጠበበ ሞተሩ ይታፈናል። ከብየዳ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። አሮጌ ጋስኬት ተመልሶ አይገባም፤ የላሸ ማንጠልጠያ ጎማም አብሮ ይቀየር፣ አለበለዚያ ክብደቱ ፍሌክሲብሉ ላይ ይወድቃል። ዳዶዎቹ መጀመሪያ ላላ ብለው ይያዙ፣ ቱቦው ወለሉን እንደማይነካ ይታይ፣ ከዚያ ከሞተሩ ጀምሮ ወደ ኋላ ይጥበቁ።

ሂሳብ ሳትዘጉ፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ አስነሱና አንድ ሰው በወፍራም ጨርቅ የኋላውን አፍ ለጥቂት ሰከንድ ይያዝ። መገጣጠሚያው ላይ ፉጨት ከተሰማ ሥራው አላለቀም።