ፈታሹ ሲፈተን፦ ንክኪ አልባ ቴስተር በአሮጌ ቤት ውስጥ

የብዕር ቅርጽ ያለውን፣ ሽቦ ሳይነካ ኤሌክትሪክ መኖሩን በብርሃንና በድምፅ የሚጠቁመውን ቴስተር የገዛሁት፣ የምኖርበትን አሮጌ ቤት የኤሌክትሪክ መስመር ማን በምን አሳብ እንደ ዘረጋው ለማወቅ ተስፋ በቆረጥኩበት ሰሞን ነበር። አንዱን ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ስከፍት በጨርቅ የተሸፈነ ሽቦ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ፣ እንዲሁም ቡናማና ሰማያዊ ሽቦ በአንድ ላይ ተጠምዝዘው አገኘሁ። እንዲህ ባለ ቤት ቀለም ማስረጃ አይሆንም። ጥቁር ሽቦ በቀድሞው የብሪታንያ አሠራር ኒውትራል (ጅረቱን የሚመልሰው ሽቦ)፣ በአሜሪካ አሠራር ግን ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) ነው፤ ብሪታንያም ብትሆን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ወደ ቡናማና ሰማያዊ ስትዞር ጥቁሩን ከሦስቱ ፌዞች ለአንዱ ሰጥታዋለች።

መሣሪያው በሁለት ቀጫጭን ባትሪዎች የሚሠራ ሲሆን፣ ከ90 እስከ 1000 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ እንደሚለይ አካሉ ላይ ተጽፎበታል። ከሁሉም በላይ የምወድለት ባዶ መዳብ ንካ አለማለቱን ነው። የለመድነው ባለኒዮን ካቻቪቴ ቴስተር የሚበራው እጅግ አነስተኛ ጅረት በያዘው ሰው አካል በኩል ሲያልፍ ስለሆነ፣ በሰውየውና በ220 ቮልት መካከል የቆመችው በመያዣው ውስጥ ያለች ጅረቱን የምትገታ አንዲት ትንሽ ረዚስተር ብቻ ናት። በአሮጌ ቤት ይህ ልዩነት ይጎላል፤ የቆዩ ሽቦዎች የጎማ ሽፋን በሙቀትና በዕድሜ ደርቆ፣ ጎንበስ ባደረጓቸው ቁጥር እንደ ቅርፊት ይረግፋልና እነርሱን ከመነካካት በሩቁ ማሽተት ይሻላል።

መሣሪያው ዋጋውን የመለሰልኝ በመተላለፊያው መብራት ነው። ኤልኢዲ አምፖሉ ከጠፋ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራ ስለነበር፣ ጥፋቱን በአምፖሉ ላይ አሳብቤ ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። ማብሪያውን አጥፍቼ የቴስተሩን ጫፍ ወደ አምፖሉ መያዣ ባስጠጋሁት ጊዜ ግን ቀይ ብርሃኑ በርቶ ያለማቋረጥ ጮኸ። ባለሙያ ተጠርቶ ማብሪያውን ሲከፍተው፣ የተቋረጠው ፌዙ ሳይሆን ኒውትራሉ ሆኖ ተገኘ፤ ማለትም መብራቱ «ጠፍቷል» በተባለበት ሰዓት ሁሉ በመያዣው ውስጥ ያለው ብረት ሙሉ ቮልቴጅ ተሸክሞ ቆይቷል። በቀድሞው ባለክር አምፖል ዘመን ይህን የሚያሳብቅ ነገር አልነበረም፤ ኤልኢዲ ግን በሽቦዎች መካከል ሾልኮ በሚያልፍ ኢምንት ጅረት እንኳ ስለሚበራ የአሥርተ ዓመታትን ስህተት አጋለጠው። በእርግጥ ይህ ዓይነቱ ደብዛዛ ብርሃን በትክክል በተገጠመ ማብሪያም ላይ፣ በተለይ ሽቦዎቹ ረጅም ርቀት ጎን ለጎን ሲሄዱ ወይም ማብሪያው የራሱ ጠቋሚ መብራት ሲኖረው፣ ሊከሰት ስለሚችል ቴስተሩ ያደረገው ጥርጣሬዬን ማጠናከር እንጂ መፍረድ አልነበረም።

ሁለተኛው ጉዳይ የመሣሪያውን ወሰን ይበልጥ አሳየኝ። ዕቃ የተሰካበት፣ ነገር ግን ምንም የማያሠራ አንድ ሶኬት ነበር፤ ቴስተሩ በሁለቱም ቀዳዳዎች ላይ ጮኸ። ለካስ ኒውትራሉ ከሶኬቱ ኋላ የሆነ ቦታ ላይ ተበጥሷል፤ ፌዙ በተሰካው ዕቃ ውስጥ አልፎ ወደ ኒውትራሉ ቀዳዳ ስለሚመጣና መመለሻ ስለሌለው፣ ሁለቱም ወገን ፌዝ መስሎ ይታያል። ይህን የለየልኝ ብዕሩ ሳይሆን ሁለት ጫፍ ያለው የቮልቴጅ ቴስተር ነው፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ዜሮ፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ ግራውንድ (የመሬት መስመር) ግን ሙሉ ቮልቴጅ አሳየ። ግራውንድ በሌለው ሶኬት ላይ ቢሆን ኖሮ፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ያገኘሁትን ዜሮ ብቻ ይዤ መስመሩ ሞቷል ብዬ እጄን እሰድ ነበር።

ብዕሩ በከንቱ የሚጮህበትም ጊዜ አለ። ከፌዝ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ የሚሄድ፣ ከሁለቱም ጫፉ የተፈታ ሽቦ ላይ ጮኾብኛል፤ ዲጂታል መልቲሜትርም የውስጥ ተቃውሞው ብዙውን ጊዜ ወደ 10 ሜጋኦም የሚጠጋ በመሆኑ በዚያው ሽቦ ላይ የሙት መንፈስ ቮልቴጅ፣ ማለትም ከጎኑ ካለው ሽቦ የተዛመተ አቅም የለሽ ቮልቴጅ፣ ያነብባል። ተቃውሞው ዝቅተኛ የሆነ መለኪያ ሲገናኝ ግን ቮልቴጁ ወዲያውኑ ይጠፋል።

ከከንቱ ጩኸቱ ይልቅ የሚያሰጋኝ ዝምታው ነው። በብረት ቱቦ ወይም በብረት ሽፋን ውስጥ ያለ ሽቦን አያይም። የባትሪና የሶላር ፓነል ቀጥተኛ ጅረትም ለእርሱ የለም። የሚሠራው በያዘው ሰው አካል በኩል ከመሬት ጋር ባለው ግንኙነት በመሆኑ፣ በደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ሲቆሙ አቅሙ ሊዳከም ይችላል። ይህ ሁሉ የቴክኖሎጂው ጠባይ ስለሆነ አምራቹን አልወቅስም፤ የምወቅሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ራሱን ስለሚያጠፋ ነው። ሥራ ላይ መሆኑን የምታመለክተው አረንጓዴ መብራት እጅግ ደካማ በመሆኗ ደማቅ ብርሃን ባለበት ክፍል አትታይም፤ በዚህም የተነሳ የጠፋ ቴስተርና በሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ያላገኘ ቴስተር አንድ ይመስላሉ። አንድ ጊዜ ራሱን ባጠፋ ቴስተር ሦስት ሽቦዎችን «ፈትሼ» ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በማውቀው ሶኬት ላይ እሞክረዋለሁ፣ ከዚያ የምሠራበትን መስመር እፈትሻለሁ፣ መልሼም በዚያው ሶኬት ላይ እሞክረዋለሁ።

አሮጌ ቤት ለያዘ ሰው፣ አረንጓዴዋ መብራት ደመቅ ያለችበት ሞዴል ከተገኘ፣ ግዢውን እመክራለሁ፤ ሁለት ጫፍ ያለው ቴስተር ከሌለው ግን አስቀድሞ እርሱን ይግዛ። የመተላለፊያው መስመር ተስተካክሎ ማብሪያው ፌዙን መቁረጥ ከጀመረ በኋላ ብዕሩን ወደ አምፖሉ መያዣ መልሼ አስጠጋሁት። ዝም አለ። ከመሰላሉ ወርጄ ጎን ያለው ሶኬት ላይ ስሞክረው ጮኸ፤ አምፖሉን የገጠምኩት ከዚያ በኋላ ነው።