የጂአርኢ ዝግጅት፦ ለብቻ፣ በክላስ ወይስ በግል አስጠኚ?

ጂአርኢ፣ ማለትም ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲያመለክቱ የሚጠየቀውን ፈተና፣ ልትፈተኑ ነው እንበል። ዩኒቨርሲቲው ስኮር ይፈልጋል፣ የማመልከቻው ቀን እየደረሰ ነው፣ እናንተ ደግሞ ገንዘባችሁን ምን ላይ እንደምታውሉት ገና አልወሰናችሁም። እኔ ሦስቱንም መንገድ ሄጄበታለሁ። መጀመሪያ ለብቻዬ አጠናሁ፣ ቀጥሎ የቡድን ክላስ ገባሁ፣ በመጨረሻ የግል አስጠኚ ያዝኩ። ዛሬ እንደ አዲስ ብጀምር ክላሱን እዘለዋለሁ፤ የቀሩትን ሁለቱን ግን በዚሁ ቅደም ተከተል አደርጋቸው ነበር።

በመጀመሪያ ፈተናው ራሱ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ከሴፕቴምበር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጣም አጥሯል። በፊት አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነበር የሚቀረው፣ አሁን 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነው። በ30 ደቂቃ የሚጻፍ አንድ ድርሰት አለ፣ 27 የቨርባል (የቋንቋ) ጥያቄ አለ፣ 27 የኳንት (የሒሳብ) ጥያቄ አለ። ቨርባልና ኳንት እያንዳንዳቸው ከ130 እስከ 170 ይታረማሉ። ሁለቱም በሁለት በሁለት ክፍል የተከፈሉ ናቸው፣ የሁለተኛው ክፍል ክብደት ደግሞ የሚወሰነው የመጀመሪያውን እንዴት እንደሠራችሁት ታይቶ ነው። መጀመሪያ ላይ በግድየለሽነት ሁለት ሦስት ጥያቄ ከጣላችሁ ቀለል ያለ ሁለተኛ ክፍል ሊመጣላችሁ ይችላል፤ ያኔ ሁሉን ብትመልሱ እንኳ ከፍ ያለውን ነጥብ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ እዚህ ፈተና ላይ ብዙ ማወቅ ብቻ አይበቃም፣ የምታውቁትን አለመሳሳትም አለበት።

ለብቻ ማጥናት ርካሹ ነው፣ ብዙዎች ከሚያስቡትም በላይ ሩቅ ይወስዳል። የፈተናው አዘጋጅ ኢቲኤስ ፓወርፕረፕ በሚባለው የኢንተርኔት መለማመጃው ላይ ሁለት ሙሉ የሙከራ ፈተና በነፃ ይሰጣል። ሒሳብ ከረሳችሁ ቆይቶ ከሆነ ካን አካዳሚ በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት ላይ በነፃ መከለስ ትችላላችሁ። ቃላት መሸምደድ ደግሞ የማንንም እርዳታ አይፈልግም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። መጽሐፉ ትክክለኛውን መልስ ይነግራችኋል እንጂ የናንተ ሐሳብ የት ላይ እንደታጠፈ አያይላችሁም። መልሱን ስታነቡ "አሃ፣ ገባኝ" ትላላችሁ፣ በሳምንቱ ያንኑ ስህተት ትደግሙታላችሁ።

ክላሱን ብዙ አልቆይበትም። ጥሩ ጎኑ ፕሮግራም ያስይዛችኋል፣ አብሯችሁ የሚደክም ሰው ታገኛላችሁ። ብቻውን መቀመጥ ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የገባሁበት ክላስ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ፐርሰንትና ሦስት ማዕዘን ላይ ቆመ፣ እኔ ደግሞ እሱን አውቀዋለሁ። የሚያስቸግረኝ ቨርባል ላይ ባዶ ቦታ መሙላቱ ነበር፤ እሱ የመጨረሻው ቀን ላይ በጥድፊያ ታለፈ። ጥያቄ ስጠይቅ "ከክላስ በኋላ" ይባላል፣ ከክላስ በኋላ ደግሞ ሰልፍ ነው። አስተማሪው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ሃያ ሰው ይዞ የአንዱን ድክመት መከታተል ስለማይቻል ነው።

አሁን ወደ አስጠኚው። መጀመሪያ ቀን ምንም አላስተማረኝም። አንድ ጥያቄ ሰጠኝና "ጮክ ብለሽ እያሰብሽ ሥሪው" አለኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ከዜሮ የሚበልጥ አንድ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩና የቁጥሩ ካሬ ሲነጻጸሩ የቱ ይበልጣል? ሁለትን ሞከርኩ፣ አራት መጣ። ሦስትን ሞከርኩ፣ ዘጠኝ መጣ። "ካሬው ይበልጣል" ብዬ ልቀጥል ስል "ግማሽን ሞክሪ" አለኝ። የግማሽ ካሬ ሩብ ነው፣ ያነሰው ካሬው ሆነ። አንድን ስሞክር ደግሞ እኩል ናቸው። መልሱ ለካ "ማወቅ አይቻልም" የሚለው ነበር። ወዲያው የስህተት ደብተሬን አገላብጦ ሌሎች አምስት ጥያቄዎች አሳየኝ፣ ሁሉም ላይ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሞከርኩት። እኔ አምስት የተለያየ ስህተት ነበር የመሰለኝ፣ ለካ አንድ ልማድ ነው። ለብቻዬ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ይህን አላየሁትም ነበር።

አስጠኚው የረዳኝ ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። የመጀመሪያው የኳንት ክፍል 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ ነው፣ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይደርስም። እኔ ደግሞ የያዝኩትን ጥያቄ አልለቅም። እሱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሰዓት ይይዛል፣ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ "ምልክት አድርጊበትና እለፊው" ይለኛል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም፣ ስለዚህ ገምቶ ማለፍ ይሻላል፤ ጊዜ ከተረፈ እዚያው ክፍል ውስጥ ተመልሶ ማስተካከል ይቻላል። ይህን አንብቤው አውቀው ነበር፣ እጄ ግን የታዘዘልኝ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሲያስለቅቀኝ ነው። ድርሰቱም እንዲሁ ነው፣ ራስን ማረም አይቻልም።

እንግዲህ ምን ትግዙ? መነሻ ውጤታችሁ ከምትፈልጉት ብዙ ካልራቀና ራሳችሁን ማስጠናት ከቻላችሁ መጽሐፉና ነፃው ፈተና ይበቃችኋል። ሁሉም ነገር ከተረሳችሁና ብቻችሁን ስትቀመጡ ስልክ የምትነካኩ ከሆነ ክላስ ያዋጣል። ሳምንታት አጥንታችሁ ውጤቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆመባችሁ ግን ገንዘቡን አስጠኚ ላይ አውሉት። በሰዓት ሲታሰብ ውዱ እሱ ነው፣ ነገር ግን የስህተት ደብተር ይዞ ለሚሄድ ሰው ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። ገና ሳታጠኑ ከያዛችሁት በነፃ የሚነበበውን ነገር በውድ እያዳመጣችሁ ነው።

ስትመርጡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ድርሰቱ ስንት ነው?" ሁለት ነው ካለ የድሮውን ፈተና ነው የሚያስጠናው፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው ያቀረበውን ክርክር የሚያስተቸው ሁለተኛው ድርሰት በ2023 ቀርቷል። ውጤት ዋስትና እሰጣለሁ የሚለውን እለፉት። የብዙ ሰዓት ክፍያ በአንዴ አትክፈሉ፣ አንድ ሰዓት ሞክሩና ማን አብዝቶ እንዳወራ አስተውሉ። እሱ ብቻ ካወራ የናንተን ስህተት የሚያይበት ጊዜ አልነበረውም። የምትፈተኑት ጂማት (የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ከሆነ ደግሞ የጂአርኢ አስጠኚ ሁሉ አይሆናችሁም፤ እዚያ በአንድ ክፍል ውስጥ መቀየር የሚቻለው ሦስት መልስ ብቻ ነው፣ ካልኩሌተርም በሒሳቡ ክፍል አይፈቀድም።

የመጀመሪያው ሙከራ ካልተሳካ ጂአርኢን ከ21 ቀን በኋላ መድገም ይቻላል። አስጠኚ በብዛት የጠቀመኝ በዚያች ሦስት ሳምንት ነው፣ ምን እንደጎደለኝ በደንብ አውቄ ስለሄድኩ።