ድሬዳዋ ላይ ቤት ለምትሠሩ፦ ብሎኬት ይሻላል ድንጋይ?

ድሬ ላይ ቦታ ያገኘ ጓደኛ ሁሉ ይደውልና "በምን ልሥራ?" ይለኛል። በሁለቱም ሠርቼ ኖሬበታለሁ። መልሴ ድንጋይ ነው። ብር ካጠረም የምዕራቡን ግድግዳ ብቻ በድንጋይ።

ብሎኬት ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ይገባል፤ ከስብራቱ ጋር 13 ብላችሁ ያዙ። የመጀመሪያውን ቤት ስሠራ በአንዱ 3 ብር የሚቀንስ ማምረቻ አገኘሁና 1,000 አዘዝኩ። 3,000 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ከመኪና ሲወርድ ብቻ 140ው ተሰባበረ፤ ትርፌ እዚያው አለቀ። ግንበኛው የቀረውን በሚስማር ሲጭረው እንደ በሶ ረገፈ። ሲሚንቶው ተቀንሷል፣ ውሃም አልጠጣም። በዚያ ፀሐይ ብሎኬት ሳምንት ሙሉ ውሃ ካልጠጣ አይጠነክርም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሚስማር ይዛችሁ ሂዱ። ሜትርም ያዙ፤ "ባለ 20" ተብሎ 18 ሴንቲ የሆነ ይሸጣል።

ዋናው ወጪ ግን ከገባን በኋላ መጣ። መኝታ ቤታችን በምዕራብ በኩል ነበር። ከሰዓት ግድግዳውን የመታው ሙቀት ውስጥ የሚደርሰው ልክ ልንተኛ ስንል ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ እጄን ሳሳርፍበት ገና ከእሳት እንደወረደ ጀበና ይሞቅ ነበር። ኤሲ ገዛን። መብራት ሄዶ ሲመጣ የኤሲው ካርድ (የውስጡ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ) ተቃጠለ፣ አስቀየርን። በዓመቱ ደግሞ ጋዝ አለቀ ተባለ። የጥገናውና የቆጣሪው ብር ሲደመር ያንን ግድግዳ በድንጋይ ያሠራኝ ነበር።

ድንጋይ ያስወጣል፣ አልክድም። ባለ 50 ሴንቲ ግድግዳ ለአንድ ካሬ ግማሽ ሜትር ኩብ ይበላል፣ ሞርታሩም (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኬቱ) ብዙ ነው። ጭነቱ ሳይራገፍ ለኩ፤ ሙሉ ተብሎ ጎደሎ የሚመጣ አለ። ቦታም ይወስዳል፦ በውጭ 4 በ4 የሆነ ክፍል ውስጡ 3 በ3 ይቀራል።

ግን ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ በኋላ የተሠሩትን የከዚራ ሰፈር አሮጌ ቤቶች እዩ። ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው። በሰኔ ሙቀት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ግቡና ግድግዳውን ንኩ፤ ይቀዘቅዛል። ቀኑን የሰበሰበው ሙቀት ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይመሻል። ማታ መስኮት መክፈት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ መዝጋት ግን ግዴታ ነው። ካልናፈሰ ድንጋይም ሙቀት ይዞ ያድራል።

በብሎኬት ከሠራችሁ መኝታ ቤቱን ከምዕራብ አርቁት፤ እዚያ በኩል ዕቃ ቤትና መታጠቢያ ይሁን። ረጅሙን ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙሩ። ቆርቆሮ ስትገዙ የጌጁ (የውፍረት መለኪያው) ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 32 ብለው 35 እንዳይሰጧችሁ። ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ አየር ማስወጫ ክፈቱ፣ ወፍ እንዳይገባም በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት።