ለልጄ የባሌት መምህርት ምስጋና፣ ለባሕር ዳር ወላጆችም ጥቆማ

በሽምብጥ አካባቢ፣ በመኖሪያ ግቢያቸው ባሰናዱት ክፍል ልጆችን ባሌት ለሚያስተምሩት መምህርት ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ እወዳለሁ። ስማቸው በማኅበራዊ ገጽ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ አልጠቅሰውም።

ባሌት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዝላይንና በጣት ጫፍ መቆምን ነው። የእርሳቸው ትምህርት ግን የሚጀምረውም፣ ለብዙ ወራት የሚቆየውም ከግድግዳው ጋር በተገጠመው አግዳሚ እንጨት ዘንድ ነው። የሚከተሉት ሩሲያዊቷ አግሪፒና ቫጋኖቫ (1879–1951 እ.ኤ.አ.) የቀመሩትን ዘዴ በመሆኑ፣ ጀማሪ ልጅ በመጀመሪያ ፊቱን ወደ አግዳሚው አዙሮ በሁለት እጁ ይይዛል፤ ጎኑን ሰጥቶ በአንድ እጅ መሥራት የሚፈቀድለት ወገቡና ዳሌው ቀጥ ብለው መቆም ሲችሉ ነው። ከዚያ በፕሊዬ ጉልበትን አጥፎ ቀስ ብሎ ዝቅ ማለት፣ በታንዱ ጣትን ከወለል ሳያነሡ እግርን መዘርጋት፣ በሮን ደ ዣምብ በወለሉ ላይ ግማሽ ክብ መሥራት ይቀጥላል፤ ግራን ባትማን የተባለው ከፍ ያለ የእግር ውርወራ የሚመጣው ሰውነት በሚገባ ከሞቀ በኋላ ነው። በቀኝ የተሠራው ሁሉ በግራ ይደገማል፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜም ያው ቅደም ተከተል ይመለሳል።

ተቀምጦ ለሚመለከት ወላጅ ይህ አሰልቺ መሆኑን አልክድም። መምህርቷን የማደንቃቸው ግን ድግግሞሹን ለልማድ ስለማይተዉት ነው። እግር ወደ ውጭ መዞር ያለበት ከዳሌ መገጣጠሚያ ነው፤ ጉልበቱን ጠምዝዞ የእግሩን ጣቶች ብቻ ወደ ጎን የሚያዞር ልጅ ጉልበቱን ይጎዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፕሊዬ ጉልበት በእግር ጣቶች አቅጣጫ መሄዱን ተንበርክከው ያያሉ፤ ያልሆነለትን ልጅ ሳያሳፍሩ የእግሩን መዞር ይቀንሱለታል። አንዳንዴም በታንዱ መካከል «እጃችሁን አንሡ» ይላሉ፤ በአግዳሚው ላይ ተንጠልጥሎ የቆየ ልጅ ያን ጊዜ ይንገዳገዳል። ልጄ ዛሬ እጇን ስታነሣ ዳሌዋ ወደ ጎን አይጋደልም።

ከሁሉም የከበዳት ትከሻዋን ማሳረፍ ነበር። በእስክስታ ላደገች የጎጃም ልጅ ሙዚቃ እየሰሙ ትከሻን ዝም ማሰኘት ቀላል አይደለም! መምህርቷ ይህን ስለሚረዱ ከትምህርቱ በኋላ ልጆቹን እስክስታ ያስጨፍሯቸዋል።

ለጣት ጫፍ ጫማ የሚቸኩሉ ወላጆችን ሳያስቀይሙ ይመልሳሉ፤ ከ11 ወይም ከ12 ዓመት በፊት አያስቡትም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን የቁርጭምጭሚትን ጥንካሬ ሳያዩ አይፈቅዱም። አርፍዶ ፕሊዬ ያመለጠውም ልጅ የዚያን ዕለት ተቀምጦ ይመለከታል፤ ባልሞቀ ሰውነት እግር መወርወር ለጉዳት ያጋልጣልና። በአጭር ጊዜ ለወላጆች ቀን የሚቀርብ ትርኢት የምትፈልጉ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ክፍል አይስማማችሁም።

አግዳሚውን ከዋንዛ አለስልሰው ለትንንሾቹ ዝቅ፣ ለትልልቆቹ ከፍ አድርገው የገጠሙትን፣ የሲሚንቶውንም ወለል በጣውላ ያለበሱትን አናጢ ሳላመሰግን ማለፍ አይገባኝም።

ልጆቻችሁን ማስተማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ መምህርቷን አስፈቅጄ አድራሻቸውን እሰጣችኋለሁ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ለመጀመሪያው ቀን ጉልበትን የማይሸፍን ልብስና ለስላሳ ጫማ ይበቃል።