አባባን ለክቶ ወንበር ላገኘለት ሶፋ ሠሪ

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ሶፋ የሚሠራና የሚጠግን አንድ ባለሙያ አለ። ይህ ጽሁፍ ለእሱ ምስጋና ነው። «ስሜን እንዳትጽፊ፣ ፎቶዬንም እንዳትለጥፊ» ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። ስለ ሥራው አትናገሪ ግን አላለኝም።

ነገሩ የአባባ ወንበር ነው። አባባ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ ጎኑ ደክሟል። ቤት ውስጥ በከዘራ ይራመዳል፤ የሚቸግረው መነሳት ነው። አንዴ ከተቀመጠ የሚያነሳው ሰው ይፈልጋል። እማዬ በብብቱ ስር ገብታ ስታነሳው እሷንም ወገቧን ያዛት። እኛ ልጆቹ ደግሞ ክንዱን ይዘን እንጎትት ነበር። ቤት እየመጣች የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት ይህን ስታይ ተቆጣች። ስትሮክ ያደከመው ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል አለችን።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ይህን ሰምታ ወንበር ልላክ አለች። በሞተር ከፍ እያለ ሰውን የሚያስነሳ፣ ሲፈለግም ወደ ኋላ የሚያጋድም ዓይነት ነው። ፎቶውን ላከችልን። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ባለ ቆዳ፣ የሚኒስትር ወንበር የመሰለ። ሶፋ ሠሪውን የጠራነው በሩ ያስገባው እንደሆነ እንዲያይልን ብቻ ነበር።

መጣ። ፎቶውን አየና ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያ ወደ አባባ ዞሮ «አባባ፣ እስቲ ተነስ» አለው። (ከሌላ አገር ለምታነቡ፦ ድሬ ላይ ለአዛውንትም «አንተ» ነው። ንቀት እንዳይመስላችሁ።) አባባ ታገለ። ሰውዬው አላገዘውም፣ ዝም ብሎ ያያል። በየትኛው እጁ እንደሚገፋ፣ እግሩን የት እንደሚያደርግ፣ ወደየት እንደሚያዘነብል። ሜትሩን ያወጣው ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ነው። በሩን ሳይሆን አባባን ለካ።

መጀመሪያ ከወለሉ እስከ ጉልበቱ ኋላ ያለውን ከፍታ ወሰደ፤ ያውም ቤት ውስጥ የሚያደርገውን ነጠላ ጫማ አስደርጎ። የመቀመጫው ከፍታ ከዚህ ጋር መቀራረብ አለበት። ሲቀመጥ እግሩ ወለሉን ሙሉ በሙሉ ይረግጣል፣ ጉልበቱም 90 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል። ከዚያ ዝቅ ካለ መነሳቱ ይከብዳል። ከፍ ካለ ደግሞ እግሩ ይንጠለጠልና የመቀመጫው ጠርዝ ጭኑን ይጫነዋል።

ቀጥሎ ጥልቀቱ። ጀርባው መደገፊያውን ነክቶ፣ በመቀመጫው ጠርዝና በጉልበቱ ኋላ መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መቅረት አለበት። አባባ አጭር ሰው ነው። ያ ጥቁር ወንበር ውስጥ ቢገባ ጀርባውን ለማስደገፍ ወደፊት እየተንሸራተተ በጭራ አጥንቱ ላይ ይቀመጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ የሚቀመጥ ሰው ቆዳው ይቆስላል።

ስፋቱን እኔ እንደ ቁም ነገር አላየሁትም ነበር። እንዲያውም ሰፊ ሲሆን ይመቻል ብዬ ነበር የማስበው። እሱ ግን አንድ ጎኑ ለደከመ ሰው ሰፊ ወንበር ጠላቱ ነው አለን። በደከመው ጎን ዘንበል ይልና እዚያው ይቀራል። በዳሌው ግራና ቀኝ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት በቂ ነው። ክንድ ማሳረፊያውም ትከሻን ሳያስነሳ ክርን የሚያሳርፍ፣ ጫፉ ደግሞ ሲነሱ የሚጨበጥ ጠንካራ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት የጠየቅነው አንድ የዕቃ መሸጫ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ብሎን ነበር። ስሙን አልጠራም።

ከዚያ «እህትሽ የት ነው ያለችው?» ብሎ ጠየቀኝ። አሜሪካ አልኩት። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። አዳፕተሩ ላይ «ከ100 እስከ 240» የሚል ከተጻፈበት ሶኬቱን የሚመጥን መሰኪያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ ከሆነ ግን የሰካችሁት ዕለት ይቃጠላል። ይህን ከሻጮቹ አንድም የነገረን አልነበረም።

መብራት ሲሄድስ? አባባ ተጋድሞ ሳለ ከተቋረጠ ማን ያነሳዋል? አንዳንዶቹ ወንበሮች አዳፕተራቸው ላይ የትንንሽ ባትሪ ቦታ አላቸው። ብዙ ጊዜ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው የሚገባባቸው። ወንበሩን ወደ መቀመጫ ልኩ እስኪመልሱት ነው እንጂ እንደ ልብ አያሠሩም፤ በየጊዜው መቀየርም አለባቸው። «ይሄ የሌለውን እንዳትገዙ» ያለው በቁጣ ነው ማለት ይቻላል። ድሬ ላይ መብራት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሞተሩም አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። ባለ አንዱ ላይ መደገፊያውና የእግር ማሳረፊያው አብረው ነው የሚንቀሳቀሱት። ባለ ሁለቱ ጀርባን ቀጥ አድርጎ እግርን ብቻ ያነሳል፣ ወይም በተቃራኒው። የአባባ እግር ስለሚያብጥ ሐኪሙን ጠይቀን ባለ ሁለቱን መረጥን። የልብ ችግር ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ እናንተም ሐኪም ሳትጠይቁ እግር አንስታችሁ አታጋድሙት።

ቆዳውንስ? በድሬ ሙቀት ቆዳ ላይ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ቅጣት ነው። ይጣበቃል፣ ያልባል። ጨርቅ ይሁን፣ ከላዩ ተነስቶ የሚታጠብ ልብስ ልሰፋለት አለን።

በመጨረሻ ወንበሩ የተገኘው አዲስ አበባ ነው። ነጋዴው ስልክ ላይ «መካከለኛ ነው» ሲል ሶፋ ሠሪያችን ስልኩን ከእጄ ነጥቆ «መካከለኛ ቁጥር አይደለም፣ ሜትር ያዝና ንገረኝ» አለው። ሰውዬው መስመር ላይ እያለ ለካ። ስንት ኪሎ እንደሚሸከም የሚለውንም ጽሁፍ ፎቶ አስነስቶ አስላከው። እኔ ብሆን አፍር ነበር።

ወንበሩ ከመምጣቱ በፊት የሚይዘውን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣለው። ሲያጋድም ወደ ኋላ፣ እግር ሲዘረጋ ወደፊት ስንት እንደሚወስድ። አልጋው ወደ ጥግ መገፋት ነበረበት፤ አስቀድመን ገፋነው። ወንበሩ ሲደርስ ሪሞቱ የሚቀመጥበት ኪስ በቀኝ በኩል ነበር። የአባባ የሚሠራው እጅ ግራው ነው። ኪሱን ፈትቶ ወደ ግራ አዞረው። በቀኙ በኩል እንዳያዘነብል ጠንካራ ስፖንጅ ሰፍቶ አስገባለት። ገመዱንም መንገድ ላይ እንዳይዘረጋ በግድግዳው ጥግ ወሰደው።

አባባ መጀመሪያ ሲነሳ «አሌ!» አለ፤ በፈረንሳይኛ «እንሂድ!» እንደ ማለት ነው። የምድር ባቡር ሰው ፈረንሳይኛው የሚመጣው ወይ ሲደሰት ወይ ሲናደድ ነው። ይሄኛው የደስታው ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቷንም ሳላመሰግን አላልፍም። ወንበሩ ሁሉን እንዳይሠራለት ብላ አስጠነቀቀችን። ግማሽ መንገድ ላይ ያቆመውና የቀረውን በእግሩ ይነሳል። ወደ መቀመጫው ጠርዝ ይጠጋል፣ እግሩን ወደ ኋላ ይስባል፣ አፍንጫው ከእግሩ ጣቶች በላይ እስኪደርስ ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ በክንድ ማሳረፊያው ይገፋል። ደግሞም ወንበሩ ተመቸው ብላችሁ ከጠዋት እስከ ማታ አታስቀምጡት አለችን። ሌላው ልጆች ናቸው። የወንድሜ ልጆች ሪሞቱን እንደ መጫወቻ ነው የሚያዩት፤ የወንበሩ ብረት ደግሞ ጣት ይይዛል። እነሱ ሲመጡ ከሶኬት ይነቀላል።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጉልበቷን የሚያማት ጎረቤታችን የአባባን ወንበር አይታ ወደደችው። ገንዘቡን ልጆቿ ልከውላት ነበር። ሶፋ ሠሪውን «ለእኔም እንደዚህ ያለ አምጣልኝ» አለችው። አምጥቶ ቢሸጥላት ጥሩ ኮሚሽን ያገኝ ነበር። እሱ ግን የራሷ ሶፋ ላይ አስቀምጦ ሲያስነሳት አየና «እማማ፣ እጅሽ ጠንካራ ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ሞተር ሳይሆን ከፍታ ነው» አላት። የሰመጠውን ስፖንጅ በጠንካራ ቀየረው። ከሥሩ አራቱንም እግር አንድ ላይ የሚይዝ የእንጨት መሠረት ሠርቶ ሶፋውን ከፍ አደረገው። በየእግሩ ስር ድንጋይ ወይም ብሎኬት ማስገባት ሰው ይጥላል ብሎ አጥብቆ ከልክሏል። አሁን ብቻዋን ትነሳለች። የከፈለችው የስፖንጅ፣ የእንጨትና የእጅ ዋጋ ነው። አቦ፣ እንዲህ ያለ ሰው ይብዛልን።

እንከን የለውም አልልም። ቀጠሮ ላይ ያረፍዳል። ሁለት ሰዓት ካላችሁ አራት ብላችሁ ጠብቁት። ከምሳ በኋላ ደግሞ ስልክ አያነሳም፤ በዚያ ሙቀት እናንተስ ታነሳላችሁ? ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ደውሉ።

ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የምትጠሩት ለታማሚ ከሆነ ያ ሰው ቤት መኖሩን አረጋግጡ። ሳያየው ዋጋም አይነግራችሁም።