ማርቆስ ላይ ቤት ስናስቀባ፦ ሦስት ቀቢ፣ ሦስት ዋጋ

ባለፈው ጥር ለእህቴ ሰርግ ብለን ደብረ ማርቆስ ያለውን የእናቴን ቤት አስቀባን፣ ያኔውኑ ልጽፍ ነበር ግን ቀለም እንደተቀባ ሰሞን ሁሉም ያምራል፣ ስለዚህ ክረምቱ ይለፍበት ብዬ ቆየሁ። አሁን አልፎበታል፣ የማርቆስን ክረምት የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ከሰኔ ጀምሮ ግድግዳ የሚፈተንበት ነው።

ሦስት ቀቢ ነው የጠራነው። የመጀመሪያው በደላላ የመጣ ነው፣ ሳሎኑ መሀል ቆሞ ዞር ዞር ብሎ አየና "ከነእቃው 118 ሺህ" አለ። ሜትር እንኳን ከኪሱ አላወጣም። ሁለተኛው ጎረቤት ያመጣልን ልጅ ነው፣ 64 ሺህ አለን። ሦስተኛው 87 ሺህ። እናቴ 64ቱን ስትሰማ ፊቷ በራ፣ ማን ይፈርድባታል፣ ድንኳኑ አለ በሬው አለ ጠላው አለ፣ ሰርግ ቤት አንድ ብርም ብር ናት። እኔ ግን አንድ ቀን ስጡኝ አልኩና ሦስቱንም ወረቀት ላይ እንዲጽፉልኝ ጠየቅኩ፣ ምን ያህል ካሬ፣ ስንት እጅ (ማለት ስንት ዙር ይቀባል)፣ ግድግዳው ምን ይደረግለታል፣ እቃው ምን ያህል። እዚህ ላይ ነው ሁሉም ነገር የተለየው።

በመጀመሪያ ስለ ካሬ። ቀቢ "በካሬ ይሄን ያህል" ሲላችሁ የወለል ካሬ ነው የግድግዳ በሉት። የእኛ ቤት ወለሉ 62 ካሬ ነው፣ ግድግዳው ግን በሜትር ስንለካው በርና መስኮት ተቀንሶ 186 ካሬ ወጣ፣ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። መለካቱ ከባድ አይደለም እኮ፣ ሳሎናችን 5 በ4 ነው፣ ዙሪያው 18 ሜትር፣ ከፍታው 2.80፣ ስታባዙት 50 ካሬ ከትንሽ፣ በሩንና ሁለቱን መስኮት ስትቀንሱ 45 አካባቢ። በቃ። ሁሉንም ክፍል እንዲህ አድርጋችሁ ደምሩ፣ እህቴና እኔ በግማሽ ሰዓት ጨረስነው።

ከዛ ቀለሙ። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ እጅ ሲቀባ 10 ካሬ አካባቢ ይሸፍናል፣ ሸካራ ከሆነ ወይም አዲስ ልስን ከሆነ ያንሳል ምክንያቱም ይመጠዋል። 186 ካሬ ሁለት እጅ 372 ነው፣ ስለዚህ 37 ሊትር፣ ኮርኒሱ ደግሞ 62 ካሬ ሁለት እጅ 12 ሊትር፣ ድምሩ 50 ሊትር እንኳን አይሞላም። የመጀመሪያው ሰውዬ የጻፈው ስንት መሰላችሁ፣ ባለ 20 ሊትር አምስት ባልዲ! መቶ ሊትር። ብክነትና መጠባበቂያ ብላችሁ አስር ሊትር ብትጨምሩለት እንኳን ሁለት ባልዲ የት እንደሚሄድ መልስ የለውም፣ ስጠይቀውም "ግድግዳው ይጠጣል" ብቻ ነው ያለኝ። በእናቴ ገንዘብ ሌላ ሰው ቤት ሊቀባ ነበር ብዬ ነው የማምነው፣ እና ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ብዙ እናቶች ሂሳቡን የሚሠራላቸው ሰው አጠገባቸው የለም።

የ64 ሺው ደግሞ ሌባ አይደለም፣ ይሄን በደንብ ልናገር። ወረቀቱ ላይ ስናይ ግን አንድ እጅ ቀለም ነው፣ ስቱኮ (ስንጥቅና ጉድጓድ የሚደፈንበት ልስን) የለም፣ መፋቅ የለም፣ በርና መስኮት የለም። ማለት ዋጋው ርካሽ ሳይሆን ሥራው ትንሽ ነው። የጎደለውን ብንጨምርበት ከሦስተኛው ጋር እኩል ይመጣ ነበር፣ ምናልባትም ያልፈው ነበር።

ሦስተኛው መጀመሪያ ዋጋ አልጠራም። መዳፉን ሙሉ ግድግዳው ላይ ጭኖ ከላይ ወደ ታች ጎተተና ለእናቴ አሳያት፣ ሊጥ የነካ ነው የሚመስለው፣ ነጭ በነጭ። "እትዬ ይሄ ኖራ ነው፣ ከላዩ ቀለም ቢያስቀቡበት ኖራውን ይዞ ነው የሚወርደው" አላት። ቤቱ የድሮ ጭቃ ቤት ነው፣ በኋላ በሲሚንቶ ተለስኖ ለስንት ዓመት ፋሲካ በመጣ ቁጥር ኖራ ስንቀባው የኖርነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ ይሄን አላዩም ወይም አልተናገሩም። እሱ መፋቂያ፣ ማጠቢያ፣ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መያዣ)፣ የተሰነጠቀውን በስቱኮ መድፈን፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ከዛ ሁለት እጅ ብሎ ጻፈ፣ የእጅ ዋጋው 41 ሺህ ለብቻው፣ የእቃው 46 ሺህ ለብቻው። ከሥራ ቀኑ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ዝግጅቱ ላይ እንደሆነም ነገረን፣ ቆሜ እንዳየሁትም ልክ ነው፣ ስድስት ቀን ፈግፍገው ሦስት ቀን ነው የቀቡት።

እቃውን ራሳችሁ ግዙ ያለንም እሱ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የቀለም ዋጋ አይያዝም፣ ጥሬ እቃው አብዛኛው ከውጭ ነው፣ በዛ ላይ ከአዲስ አበባ አባይ በረሃን አቋርጦ ነው የሚመጣው፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይጨምራል። ቀቢው እቃ ከያዘ ይሄንን ፍርሃቱን አስቀድሞ ዋጋው ውስጥ ይከተዋል፣ ስለዚህ መለየቱ ለሁለቱም ወገን ይሻላል። እኛ 44,300 ነው የጨረስነው። አንድ ምክር፣ አንድ ዓይነት ቀለም የምትፈልጉትን በሙሉ በአንድ ቀን ግዙና ባልዲው ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ፣ አለዚያ ግድግዳው መሀል ላይ ልዩነቱ ይወጣል። ደረሰኝ የሚቆርጥ ድርጅት ከሆነ ደግሞ 15 ፐርሰንቱ ቫት ዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ከላይ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያው ወረቀት) ላይ ሳይጻፍ ቀርቶ መጨረሻ ላይ ጠብ የሚያስነሳው እሱ ነው።

ክፍያውን በሦስት ከፈልነው፣ ሲጀምሩ፣ አንደኛው እጅ ሲያልቅ፣ የቀረውን ደግሞ ከጨረሱ ከሳምንት በኋላ፣ ሁሉንም በባንክ። ማታ ማታ የስልኬን መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግቼ ወደ ጎን አበራው ነበር፣ ቀን የማይታየው የስቱኮ ጠባሳና ሩሎ የዘለለው ቦታ ሁሉ ይወጣል። ሦስት ቦታ አገኘሁ፣ አልተቆጣም፣ በነጋታው አስተካከለው።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ሁለት ቀን ዘግይቷል፣ ለሰርግ ቤት ሁለት ቀን ብዙ ነው። የመኝታ ቤቱን ጣውላ ወለልም በደንብ ሳይሸፍን የዘይት ቀለም አንጠባጠበበት፣ በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) አስለቀቀው ግን ወዙ ሄዷል፣ እናቴ እስካሁን እዛ ጋ ስትደርስ ዝቅ ብላ ታየዋለች። ውሉ ላይ ወለልና መስኮት መሸፈን የሚል መስመር ማስገባት ነበረብን።

አሁን ክረምቱ አልፎ ሳየው ሳሎኑና መኝታ ቤቶቹ ደህና ናቸው፣ መዳፌን ጎትቼ አየሁት፣ ንጹህ ነው። የጓሮው ጎን ግድግዳ ብቻ ከወለል ግማሽ ሜትር ድረስ አብጦ ተላጠ። ይሄን ግን ቀድሞ ጽፎታል፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፣ "ይህ ግድግዳ ከውጭ ውሃ ይጠጣል፣ አሸንዳ ሳይሠራና አፈሩ ሳይነሳ ለዚህ ጎን ኃላፊነት አልወስድም"። ያኔ ሰርጉ ስለደረሰ ዝም ብለህ ቀባው ያልነው እኛ ነን። ከሦስቱ ወረቀት ውስጥ ገንዘብ የማያስገኝለትን ነገር የጻፈው እሱ ብቻ ነበር፣ 87 ሺው ትክክለኛ ዋጋ ነበር የምለውም ለዚህ ነው።

ነሐሴ ላይ አሸንዳውን አሠራን፣ ጓሮ በኩል ግድግዳውን የተደገፈውን አፈርም አስነሳን። ትናንት ደውዬለት ነበር፣ "አሁን አይነካም፣ እስከ ኅዳር ይድረቅ" አለኝ። የ6 ካሬ የእጅ ዋጋ ብቻ ጽፎ ይልካል።